ፖሊስ ጠቋሚዋ ዕቃ እኛኑ አስያዘችን!

አሜሪካ ለዘመድ ጥየቃ በሄድኩበት ሐምሌ፣ ከሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ተነስተን ለሠርግ ወደ ሪችመንድ ጉዞ ጀመርን። መሪውን የያዘው በታክሲ ሹፌርነት የሚተዳደረው አብሮ አደጌ ነው። የቤት መኪናው መስተዋት ላይ የለጠፋት ራዳር ዲቴክተር «ጢጥ! ጢጥ!» ባለች ቁጥር ፍሬን ይይዛል። «ይቺ እያለች ማን ይይዘኛል?» ይላል በኩራት።

የፖቶማክን ወንዝ በዊልሰን ድልድይ ተሻግረን ቨርጂኒያ ገባን። ብዙም ሳንርቅ ከኋላችን የፖሊስ መብራት ቦግ አለ! ቀስ ብለን ነበር የምንሄደው። ፖሊሱ ግን ስለ ፍጥነት አላነሳም፤ በጣቱ ዕቃዋን አመለከተ።

ለካስ ሜሪላንድ ውስጥ ለቤት መኪና የተፈቀደችው ዕቃ ቨርጂኒያ ውስጥ ክልክል ናት! ዋሽንግተን ዲሲም እንደዚሁ። ባትፈጥንም፣ ተሰክታ አጠገብህ መገኘቷ ብቻ ያስቀጣል። ደግሞ ዕቃዋ ራሷ ደከም ያለ ሞገድ ትለቃለች፤ ፖሊስ ይህን የሚያነፈንፍ መሣሪያ አለው። ለሰላይም ሰላይ አለው እኮ!

ጓደኛዬ የቅጣት ወረቀቱን ሲቀበል ፊቱ አመድ መሰለ። «ልጆቼን የማበላው በመንጃ ፈቃዴ ነው» አለኝ ቀስ ብሎ። እውነቱን ነው። በቨርጂኒያ በሰዓት ከ85 ማይል በላይ መንዳት ወንጀል ነው፤ እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር ቅጣት ያመጣል። ከዚያ ዕቃዋ አታድንም።

ስለዚህ ወዳጄ፣ ወደዚያ ካቀናህ ድልድዩ ሳይደርስ ንቀላትና ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ቆልፍባት። ከሁሉ የሚሻለው ግን እግርህን ከነዳጅ መስጫው ላይ ቀለል ማድረግ ነው። እኛ ሠርጉ ላይ አርፍደን ደረስን። ግን ደረስን።