ከቃጠሎ የተረፈ ዕውቀት

በስዊድን አገር በኡፕሳላ ከተማ ኦሎፍ ሩድቤክ የሚባል ሊቅ ነበረ። እርሱም በፈረንጆች አቈጣጠር በ1655 ዓመት ተማሮች የዕፀዋትን ነገር የሚማሩበት የአትክልት ስፍራ አቆመ። በኋላም በስሙ ከሚጠራው ከልጁ ጋራ፥ በዓለም የታወቁትን ዕፀዋት ሁሉ በአንድ መጽሐፍ ለመሰብሰብ አስቦ፥ በብዙ ሺሕ የሚቈጠር ሥዕል በእንጨት ላይ አስቀረጸ። ነገር ግን በ1702 ዓመት ከተማው በእሳት ጋየና የብዙ ዘመን ድካም በአንድ ቀን ዐመድ ሆነ። ሽማግሌውም በዚያው ዓመት ዐረፈ። ልጁ በ1695 ዓመት ወደ ላፕላንድ ሄዶ ካመጣው ጽሑፍና ሥዕልም አብዛኛው አብሮ ጠፋ።

ለልጅየው የቀረው የአባቱ ወንበርና ያየውን የሚያስታውስ ልብ ነበር። በ1730 ዓመት፥ እርሱ ከሸመገለ በኋላ፥ ካርል ሊኔዎስ የተባለውን ድኻ ተማሪ፥ የባላገር ቄስ ልጅ፥ ልጆቹን እንዲያስተምርለት ወደ ቤቱ አስገባው። በአትክልቱም ስፍራ በእርሱ ፈንታ ቆሞ እንዲያስተምር ፈቀደለት፤ ስለ ላፕላንድም አጫወተው። ወጣቱም በ1732 ዓመት ሄዶ ያንኑ አገር ዞረ፤ በ1753 ዓመትም ለእያንዳንዱ ተክል ሁለት ሁለት ስም የሰጠበትን ታላቅ መጽሐፍ አሳተመ።

ሊኔዎስ ውለታውን አልረሳም፤ የሰሜን አሜሪካን አንድ የአበባ ወገን ስለ አባትና ስለ ልጅ ክብር ሩድቤኪያ ብሎ ሰየመው። የአትክልቱም ስፍራ በእርሱ እጅ ታድሶ እስከ ዛሬ በኡፕሳላ አለ። ዕውቀቱን በሣጥን ብቻ የሚያኖር ሰው እሳት በመጣ ጊዜ ባዶ እጁን ይቀራል፤ ለሌላ ያካፈለ ግን በሌላው እጅ ይቈየዋል።