የእናቴ አንገት

ስለ ገዛ መልኳ በአደባባይ የምትጽፍ ሴት ወይ ቈንጆ ነኝ ባይ ናት፥ ወይም አንዳች አቤቱታ አላት ተብላ ትጠረጠራለች። እኔ ከሁለቱም አይደለሁም። በአንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ የምመዘግብ ተራ ጸሓፊ ነኝ፤ ተወልጄ ያደግሁትም መርካቶ፥ አማኑኤል ሰፈር ነው። ይህንን የምጽፈው በእኔ የደረሰው በሌላዋ እኅቴ እንዳይደርስ ብዬ ነው።

መልኬ ጥቁር ነው። ጠይም እንኳ አይደለሁም። በአገራችን ሰው ስለ አንዲት ልጃገረድ ሲያወራ «ቀይ ናት» ካለ ምስጋናው በዚያው ተፈጸመ። «ጠይም ናት» ካለ «የደስ ደስ አላት» የሚል ይጨምርላታል። «ጥቁር ናት» ካለ ግን ወዲያው «ግን ጠባይዋ መልካም ነው» ብሎ ይደግፋታል። መልክ ጥፉን በስም ይደግፉ ይባል የለ! እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ «ግን» በምትባል ምርኵዝ ተደግፌ ኖርሁ።

አንድ ጊዜ በመሥሪያ ቤታችን እንግዳ የሚቀበል ሠራተኛ ተፈለገ። በሥራ ዘመን ከእኔ የምታንስ፥ መልኳ የቀላ ልጅ ተመረጠች። ለምን እንደ ተመረጠች ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ምናልባት ለቦታው ከእኔ ትሻል ይሆናል። እኔ ግን የዚያን ዕለት ማታ ከመስተዋት ፊት ቆሜ ምክንያቱን በገዛ ፊቴ ላይ ያነበብሁት መሰለኝ። ደመወዝ በተቀበልሁ ማግሥት ወደ አንድ ሱቅ ገብቼ የሚያቀላ ቅባት ገዛሁ። በዕቃው ላይ የፈገግታ ሥዕል ነበረበት፤ ከምን እንደ ተሠራ ግን አልተጻፈበትም።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነገሩ ሁሉ ያማረ ነበር። የሥራ ጓደኞቼ «አማረብሽ፥ ምን አገኘሽ?» ይሉኝ ጀመር። በሦስተኛው ወር ግን ፊቴ ፀሐይ ሲነካው እንደ ሳማ ይለበልበኝ ጀመር። ቀጥሎም በሁለቱ ጉንጮቼ ላይ ማዲያት ወጣ፤ ቅባቱን ስተው ይብስበታል፥ ስቀባው ደግሞ ቆዳዬ እንደ ሽንኵርት ልጣጭ ይሳሳል። ከዚያ ወዲህ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ድረስ እየተከናነብሁ መሄድ ለመድሁ። ወር በገባ በ28 የአማኑኤልን በዓል ሳላስታጕል እሳለም የነበርሁት ሴት ሰው እንዳያየኝ ብዬ ከቤት ቀረሁ።

ሐኪም ዘንድ የሄድሁት ዘግይቼ ነው። እንዲህ ሲሉ አስረዱኝ። ከእነዚህ ቅባቶች በአንዳንዶቹ ሜርኩሪ የሚባል መርዘኛ ማዕድን አለ። ሜርኩሪ ቆዳ ጥቁር ቀለሙን እንዳይሠራ ይከለክላል፤ ነገር ግን በቆዳ በኩል ወደ ደም ገብቶ ኵላሊትን ይጎዳል፥ ነፍሰ ጡር የሆነች እንደ ሆነም በማኅፀን ላለው ሕፃን ይተርፋል። ሌሎቹ ደግሞ ሐኪም ለብርቱ የቆዳ በሽታ ለጥቂት ቀን ብቻ የሚያዝዘው መድኃኒት አለባቸው፤ ያለ ትእዛዝ ለወራት ሲቀቡት ቆዳን ያሳሳል። በፈረንጆች አቈጣጠር በ2013 የተፈረመው የሚናማታ ስምምነት ሜርኩሪ ያለባቸውን ቅባቶች ይከለክላል፤ በ2023 የተሰበሰቡት አባል አገሮችም ክልከላው ከ2025 ጀምሮ ያለ ምንም ልዩነት በሙሉ እንዲሆን ወሰኑ። «የሚያሳዝነው፥» አሉኝ ሐኪሙ፥ «አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ ፀሐይዋ ብርቱ ነው። ያ የጠላሽው ጥቁር ቀለም ከዚህች ፀሐይ የሚከላከልልሽ ጃንጥላሽ ነበር።»

ይህን ሁሉ ሰምቼ እንኳ ቅባቱን አልጣልሁትም። ከልብስ ሣጥኔ ውስጥ ሸሸግሁት እንጂ። ሰው መርዝነቱን እያወቀ የሚያስቀምጠው ነገር አለ።

አንድ ቅዳሜ ከሥራ ስመለስ የስምንት ዓመት ልጅ የሆነችው የእኅቴ ልጅ ከመስተዋቴ ፊት ቆማ አገኘኋት። የዚያን ቅባት ክዳን ከፍታ ሁለቱን ጉንጮቿን አልብሳቸዋለች። መልኳ ቍርጥ የእኔ ነው። ዞር ብላ አይታኝ «አክስቴ፥ እኔም ቀይ እሆናለሁ?» አለችኝ። ፊቷን በሳሙና ሳጥብላት እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ይህን ያስተማራት ማን ነው? ሱቁ አይደለም፤ እኔ ነኝ። በየማለዳው ከመስተዋቱ ፊት ያለ ቃል ሳስተምራት ኖሬአለሁ።

እናቴ ይህን ሁሉ ከበር ቆማ ታይ ነበር። እናቴ በልጅነቷ ከጎጃም የመጣች፥ መርካቶ ውስጥ በርበሬና ቅመም በመሸጥ ያሳደገችን ሴት ናት። ከሻሽና ከነጠላ ውጪ አንገቷን አይቼው አላውቅም ብል ማጋነን አይሆንም። የዚያን ዕለት ሻሿን ፈትታ ወደ ብርሃኑ ተጠጋች። አንገቷ ዙሪያውን እንደ ድሪ በንቅሳት የተሸለመ ነው።

«ይኸውልሽ ልጄ፥» አለች። «አገሬ ሳለሁ ይህ የሌላት ልጅ ባል አታገኝም ይባል ነበር። በእሾህ ወግተው በጥላሸት ሲነቅሱኝ ሦስት ቀን ምራቅ መዋጥ አቅቶኝ ነበር። ከዚያ ቈንጆ ተባልሁ። አዲስ አበባ ስመጣ ደግሞ 'ባላገር' እያሉ ሳቁብኝ፤ በበጋው ሐሩር ሳይቀር ሸፍኜው ኖርሁ። አንገቱ ያው አንገት ነው። የተለወጠው የሚያየው ዓይን ነው። እኔ ለሁለት ዓይን ተገዝቼ አረጀሁ፤ አንቺ ለሦስተኛው ልትገዢ ነው? ይህችስ ሕፃን?»

የምመልሰው አልነበረኝም። የዚያኑ ዕለት ቅባቱን ደፋሁት።

በዚያው ወር በ28 የንስሐ አባታችን ለጠበል ጻዲቅ ወደ ቤታችን መጡ። እናቴ ነገሩን ነገረቻቸው። እኔ ቍጣ ስጠብቅ በክርስትና ስሜ ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። «መልክአ ማርያም ሲደገም ሰምተሻል?» አሉኝ። «ደራሲው ከራስ ጠጕር ይጀምርና እስከ እግር ጥፍር ድረስ አንዱንም ሕዋስ ሳያልፍ ሰላም ይላል። ቅንድብ፥ ዓይን፥ ጆሮ፥ ከንፈር፥ ክንድ፥ ጣት፥ ሁሉም ሰላምታ ይደርሰዋል። አባቶቻችን ሰውነትን የሚንቁ ቢሆኑ ኖሮ ይህን ባልጻፉ ነበር። ዓይን የሚከበረው ስለ አለቀሰ፥ እጅም ሕፃን ስለ አቀፈ ነው። አንቺ በየማለዳው ከመስተዋት ፊት ቆመሽ ሕዋሶችሽን እየጠራሽ ትረግሚያለሽ። እስኪ ሰላም በያቸው።»

ደግሞም በመኃልየ መኃልይ ውስጥ ስለ ጥቁረቷና ስለ ውበቷ በአንድ ትንፋሽ የምትናገር ሴት እንዳለች አስታወሱኝ። በኋላ አንድ መምህር እንደ ነገሩኝ፥ ሁለቱን ቃሎች የምታያይዘው በዕብራይስጡ አንዲት ፊደል ናት፤ «እና»ም «ግን»ም ተብላ ልትተረጐም ትችላለች። የጥንቱ የግሪክ ትርጓሜ «እና» ሲል የላቲኑ «ግን» አለ። ወገኖቼ፥ ያቺ የልጅነት ምርኵዜ ትዝ አለችኝ! ዕድሜዬን ሙሉ «ጥቁር ናት ግን» ስባል፥ «ጥቁር ናት እና» የሚል ንባብም እንዳለ ማንም አልነገረኝም ነበር።

የሰፈራችን ታሪክም ሌላ መልክ ያዘብኝ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጠላት ወረራ ጣሊያኖች ከተማይቱን በቆዳ ቀለም ሊከፍሉ አቅደው፥ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን የሐበሻ ገበያ ወደ አዲስ ከተማ አዛወሩት። መርካቶ የሚለውም ስም ከቋንቋቸው ቀረ። ያንን የቀለም ድንበር አባቶቻችን በደማቸው ሰረዙት። እኔ ግን ከዚያው ገበያ፥ በገዛ ደመወዜ፥ ድንበሩን ገዝቼ በገዛ ፊቴ ላይ አሰመርሁት።

ይህን ስል መዋብ ኃጢአት ነው ማለቴ አይደለም። ለርብቃም የወርቅ ጕትቻና አምባር ተሰጥቷታል። ዛሬም ኵል እኳላለሁ፥ ለበዓል ሹሩባ እሠራለሁ፥ እንሶስላም እሞቃለሁ። ልዩነቱ አንድ ነው፤ ሽልማት ያለውን ያስጌጣል፥ ያ ቅባት ግን ያለውን ይክዳል። አማኑኤል ማለት እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ማለት ነው። የሰውን ሥጋ ሳይጸየፍ የለበሰውን ጌታ እያመለክሁ እርሱ የሰጠኝን ቆዳ መጸየፍ ምን የሚሉት እምነት ነው?

ፊቴ ጨርሶ አልዳነም። በግራ ጉንጬ ላይ ማዲያቱ እስከ ዛሬ አለ፤ አንዳንድ ጧትም የድሮው ሐዘን ይመጣብኛል። የሆነ ሆኖ ባለፈው ወር በ28 ሦስታችን ወደ አማኑኤል ወረድን። እኔ ነጠላዬን መስቀለኛ አጣፍቼ ፊቴን ገልጬ ነበር። እናቴ ከደጀ ሰላሙ ስትደርስ ሻሿን ፈትታ ያዘችው። ሕፃኒቱ የአያቷን አንገት ትክ ብላ ስታይ ቈይታ «እማማ፥ ይህን ድሪ ማን ሰጠሽ?» አለቻት። እናቴ ሳቀች፤ በዚያ አንገቷ ላይ የሳቅ መሥመር ሲወጣ ያየሁት ያን ቀን ነው።

እኅቶቼ ሆይ፥ ከሣጥናችሁ ውስጥ የተሸሸገ ነገር ካለ፥ የምታዩት እናንተ ብቻ እንዳልሆናችሁ አስቡ። ከበስተኋላ ቆማ የምታይ ሕፃን አለች።