የእሑድ ሳቅ በነቀምቴ

በ1980ዎቹ መገባደጃ በሰፈራችን ቴሌቪዥን ያለው ቤት አንድ ነበር። ነቀምቴ ከአዲስ አበባ ከ320 ኪሎ ሜትር በላይ ብትርቅም፣ እሑድ እሑድ ሳቁ ይደርሰናል። ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ ብቅ ሲሉ፣ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ቤቱ በሳቅ ይሞላል።

በየጭውውቱ ተመላልሶ የሚመጣ ሌላም ሰው ነበር፤ ተዋናዩ ቢለዋወጥም ሰውየው ያው ነው። ከገጠር አዲስ አበባ የገባ፣ አማርኛው የሚሰባበር፣ ወንዱን በሴት አንቀጽ የሚጠራ። ሆዳችንን ይዘን እንስቅበታለን።

አንድ እሑድ አባቴም መጥቶ ከኋላዬ ቆመ። እሱም ሳቀ። የእኔ ሳቅ ግን ጉሮሮዬ ላይ ቀረ፤ ጉዳይ ለማስፈጸም ቢሮ ሲገባ የሚናገረው አማርኛ ልክ እንደዚያ ነበርና።

ማታ ጭውውቱን ለእናቴ በኦሮምኛ ተረከላት። በእሱ አንደበት ሰውየው አልተሰባበረም፤ ቀጥ ብሎ ተናገረ። እናቴ እስከ መጨረሻው ጠብቃ፣ «ታዲያ ምኑ ነው የሚያስቀው?» አለችው።