የእንግዶቹ ከንቲባ

ካልሲዬ መቀደዱን ያየሁት ጫማዬን ስፈታ ነው። የቀኝ እግሬ አውራ ጣት አንገቱን አውጥቶ ዓለምን ይቃኛል። ሎንግየርቢየን ውስጥ ሆቴል ስትገባ ጫማ ማውለቅ ነው፤ ሙዚየም ስትገባም እንዲሁ። ልማዱ የከሰል ቆፋሪዎቹ ነው፤ የጉድጓዱን ጥቁር አቧራ ቤት ላለማስገባት የጀመሩት። እኔ ጫማ ማውለቅ የማውቀው ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ነው፤ እዚያ ግን ሰው ዓይኑ መቅደሱ ላይ ስለሆነ የማንንም ካልሲ አያይም። እዚህ የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ አየችው፤ እንዳላየችም ሆነች። ይኼኛው ይብሳል።

ከኦስሎ የመጣሁበት በረራ ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ተኝቼ ስለነበር ስለሱ የምጽፈው የለኝም። ያናደደኝ ከዚያ በፊት የነበረው የፓስፖርት ሰልፍ ነው። ሎንግየርቢየን ያለችባት ስቫልባርድ የኖርዌይ ግዛት ናት፤ ከሸንገን ክልል ውጭ በመሆኗ ግን ከኖርዌይ ወደ ኖርዌይ ስትሄድ ፓስፖርት ታሳያለህ። ስቫልባርድ ራሷ ደግሞ ማንንም ቪዛ አትጠይቅም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዞ ለኖረ ሰው ይህ ጆሮ የማያምነው ወሬ ነው። ችግሩ፣ ቪዛ ወደማትጠይቀው ግዛት ለመድረስ ቪዛ በምትጠይቀው ሀገር ማለፍ ግድ ነው። በሩ ክፍት የሆነ ቤት፣ አጥሩ ግን የተቆለፈ።

ለምን እንደሄድኩ ልናገር። ኦስሎ ውስጥ አውቶቡስ እነዳለሁ። የሥራ ባልደረባዬ አንድ ቀን ስለዚህች ሁለት ሺህ ተኩል ያህል ሰው ስለሚኖርባት ከተማ አጫወተኝ። ነፍሰ ጡሮች የመውለጃቸው ቀን ሲቃረብ ወደ ዋናው ምድር ይላካሉ፤ ጡረታ የወጣ ሰው ጧሪ ተቋም ስለሌለ ጓዙን ጠቅልሎ ይሄዳል፤ መሬቱ ዘላለም በረዶ ስለሆነ የሬሳ ሣጥን መቅበር ከቀረ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። እኔ ያደግሁት ጎንደር ነው። ከንቲባ የሚለው ቃል እኛ ዘንድ እንደ ከንቲባ ገብሩ ደስታ ከሰው ስም ጋር ተጣብቆ የሚቀር ማዕረግ ነው፤ ከንቲባ ደግሞ የሀገሩን ሰው ዘር ማንዘር ያውቃል። ታዲያ ሀገሬ ነኝ ባይ የሌለባት ከተማ ከንቲባዋ የማን ከንቲባ ነው? ይኼ ጥያቄ እንደ ትንኝ ጆሮዬ ውስጥ ሲጮህ ከረመና እ.ኤ.አ. በ2025 ነሐሴ ላይ ትኬት ቆረጥኩ።

የመጀመሪያውን ቀን ሰው በመጠየቅ አባከንኩት። ሱቅ ውስጥ፣ በቆፋሪው ሐውልት አጠገብ፣ ደጁ በማይዘጋው ቤተ ክርስቲያን ቡና እየጠጣሁ፣ ያገኘሁትን ሁሉ «የከተማችሁ ከንቲቦች እነማን ነበሩ?» አልኩ። የአሁኑን ያውቃሉ፤ የበፊቱንም ያውቃሉ። ከዚያ ወዲያ ሲሉ ትከሻቸውን ይሰብቃሉ። አብዛኛው ሰው ጥቂት ዓመት ሠርቶ የሚመለስ ነውና ከእርሱ መምጣት በፊት የነበረው ሁሉ ለእርሱ ጥንት ነው። አንዱ እንዲያውም «ከንቲባ የለንም» ብሎ አረመኝ። እውነቱን ነው። ሎንግየርቢየን በሕግ እንደ ሌሎቹ የኖርዌይ ከተሞች ማዘጋጃ ቤት የላትም። አሥራ አምስት አባላት ያሉት የአካባቢ ምክር ቤት አላት፤ መሪውን ሰው ከንቲባ ብሎ ይጥራው እንጂ በወረቀት ላይ የምክር ቤቱ መሪ ነው። ውኃው፣ መብራቱ፣ ትምህርት ቤቱና ቆሻሻው የእርሱ ናቸው። ፖሊሱ፣ ነፍስ አድኑና የዋልታ ድቡ ደግሞ ኦስሎ የምትሾመው ገዥ ድርሻ ናቸው። ሹመኛና ተመራጭ ጎን ለጎን፤ ይህን እንኳ ማንም ሳያስረዳኝ ገባኝ።

ሁለተኛው ቀን ማታ (ማታ የምለው በሰዓት ነው እንጂ ፀሐይዋስ አልጠለቀችም) አንዲት ታይላንዳዊት የምታበስልበት ጠባብ ምግብ ቤት ገባሁ። ታይላንዳውያን እዚህ ብዙ ናቸው። ቤቱ ሞልቶ ስለነበር ከአንድ ነጭ ፂማም ሽማግሌ ጋር ገበታ ተጋራን። ሾርባው ሲመጣ በርበሬው ዓይኔን አስለቀሰኝ፤ በሰባ ስምንተኛው ዲግሪ ላይ የእናቴ ጓዳ ትዝ አለኝ። ዋጋውን ሳይ ደግሞ በሌላ ምክንያት ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ሽማግሌው ሠላሳ ዓመት የቆፈሩ ናቸው። ሰባት ቁጥር የሚባለው የመጨረሻው የኖርዌይ ከሰል ማዕድን በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ መዘጋቱን ሰምተው ለመሰናበት መጥተዋል። ጥያቄዬን ስነግራቸው ሳቁ።

«በእኛ ጊዜ ማን መርጦ ማን ተመረጠ? ኩባንያው ነበር ከንቲባው።»

ከዚያ ማንኪያቸውን አስቀምጠው ተረኩልኝ። ከተማዋን የቆረቆረው ጆን ሎንግየር የሚባል አሜሪካዊ ባለሀብት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1906። አሥር ዓመት ቆይቶ ለኖርዌዩ ስቶሬ ኖርስከ ኩባንያ ሸጣት። እርሳቸው በመርከብ ሲደርሱ አውሮፕላን ማረፊያው ገና አልተከፈተም፤ እርሱ የተከፈተው በ1975 ነው። አልጋው የኩባንያው፣ ምግቡ የኩባንያው፣ ሱቁ የኩባንያው፤ የሚገበያዩበትን ገንዘብ እንኳ ኩባንያው ራሱ ያትመው ነበር። ነዋሪው የራሱን ምክር ቤት ያገኘው በ2002 መባቻ ነው።

«ከዚያ ወዲህ ያሉትንስ?» አልኩ።

ከምክር ቤቱ መሪዎች ሼል ሙርክን አስታወሱ። ከ2011 እስከ 2015 የመራችውን ክሪስቲን ክሪስቶፈርሰንንም ጠሩ። አሪልድ ኡልሰን ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ለወጥ አለ፤ የማዕድን ሠራተኞች ማኅበር ሰው ነዋ። ኡልሰን ወንበሩን በያዘ በጥቂት ወራት፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 19 ቀን 2015፣ ከስኳር ተራራ የተናደ በረዶ አሥራ አንድ ቤቶችን ጠራርጎ ሁለት ሰው ገደለ፤ አንዷ ገና ሕፃን ነበረች። ከዚያ በኋላ ከተራራው ሥር ያሉ ብዙ ቤቶች ፈረሱ። ጠዋት ከሆቴሌ መስኮት ተራራው ላይ የተደረደረ አጥር አይቼ የበግ ማገጃ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ በረዶ ማገጃ ነው። ኡልሰን እስከ 2023 ቆየና በቦታው ከሊበራሎቹ ወገን ላይፍ ተርየ አውነቪክ ተተካ።

ባለቤቲቱ ሰሃን ልታነሳ መጥታ ይህችን የመጨረሻዋን ሰማች። «እሱን ምርጫ እኔ አልመረጥኩም» አለች፤ እንደ ዋዛ።

«ለምን? አልተመዘገብሽም?»

«ከለከሉኛ።»

ታሪኩ እንዲህ ነው። ድሮ የውጭ ዜጋ ሦስት ዓመት ስቫልባርድ ከኖረ ለምክር ቤቱ ይመርጣል፣ ይመረጣልም። በ2022 መንግሥት ደንቡን ቀየረው፤ ኖርዌያዊ ያልሆነ ሰው አስቀድሞ ሦስት ዓመት ዋናው ምድር ላይ ካልኖረ ድምፅ የለውም። ከነዋሪው ከሦስት አንዱ ያህል የውጭ ሰው ነው። እርሷ አሥራ አራት ዓመት እዚህ ኖራለች፤ ዋናው ምድርን የምታውቀው ግን አውሮፕላን ስትቀይር ብቻ ነው።

ሽማግሌው ፊታቸው ቀላ። «ደሴቱ የኖርዌይ ነው! የ1920ው የስቫልባርድ ውል የፈራሚ ሀገሮችን ሰው ሁሉ ያስገባል፤ ነገ ሌላ መንግሥት ሰዉን አምጥቶ ምክር ቤቱን ቢሞላውስ?»

«እኔ ነኝ የምሞላው?» አለች ሰሃኑን እንደያዘች። «አንተ እኮ ሄደሃል። እኔ ነኝ ያለሁት። በረዶው የተናደ ቀን አካፋ ይዤ ወጥቻለሁ።»

«አካፋ መያዝና ሀገር መያዝ ይለያያል!»

ጎረቤት ገበታዎች ዝም አሉ። እኔ ጣልቃ መግባት አልነበረብኝም፤ ግን ምላሴ ቀደመኝ። ኦስሎ ስምንት ዓመት ኖሬያለሁ። ዜግነቴ ኢትዮጵያዊ ቢሆንም ለከተማዋ ምክር ቤት ድምፅ እሰጣለሁ። «በዚህ ደንብ እኔ እዚህ መጥቼ ነዋሪ ብሆን መምረጥ እችላለሁ ማለት ነው?» አልኩ።

ሽማግሌው አሰቡ። «አዎ… ትችላለህ።»

«እርስዎስ ቢመለሱ?»

«እኔማ ዜጋ ነኝ።»

ከዚያ ነገሩ ለሦስታችንም በአንድ ጊዜ ገባን። ከሦስታችን ድምፅ የሌላት እዚህ የምትኖረው ብቻ ነበረች። ሽማግሌው ሾርባቸውን ማማሰል ያዙ፤ ከቀዘቀዘ ቆይቷል። እርሷ ምንም ሳትል ወሰደችው፤ አሙቃ መለሰችው። «ደንቡን እኔ አላወጣሁትም» አሉ ዝግ ብለው። «አውቃለሁ» አለች። የከተማው ምክር ቤት አብላጫ ራሱ ተቃውሞት እንደነበር የነገሩኝም እርሳቸው ናቸው።

በማግስቱ በታክሲ ወደ ዓለም አቀፉ የዘር ማከማቻ ሄድኩ፤ ስለ ታክሲው ክፍያ ባልናገር ይሻላል። ማከማቻው እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ተራራው ውስጥ ነው፤ ጎብኚ አያስገባም። በሩን አይቼ ተመለስኩ። አዲስ አበባ ያለው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ተቋም የመኖ ዘር ቅጂ እዚያ ውስጥ አለ። ሣራችን እንኳ እዚህ የተረጋገጠ ቦታ አለው ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ሾፌሩ በመስታወት አየኝ።

ወደ አውሮፕላኑ ከመሄዴ በፊት ምግብ ቤቱ ተመልሼ ሾርባውን ደገምኩ። ካልሲው ያው የተቀደደው ነው፤ ሌላ አልገዛሁም፣ ዋጋውን አይቼ። ልወጣ ስል ጫማዬን ፍለጋ ከመደርደሪያው ሥር ጎንበስ አልኩ። የቱሪስቱ ቦቲ ሁሉ ለመውጣት እንዲመች አፍንጫውን ወደ በሩ አድርጎ ተደርድሯል፤ ከመካከሉ የእኔም አለ። ከሁሉ ጥግ፣ ተረከዙ የተበላ የቤት ጫማ ፊቱን ወደ ምድጃው አዙሮ ተቀምጧል። የእርሷ መሆኑን መጠየቅ አላስፈለገኝም።