«ተፈጥሮው ነው!»

ባለፈው ጥር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጠራ። ጎረቤቴ ናቸው። «ልጅህ ከአለርት ጀርባ ያለው ፑል ቤት ሲገባ አይቼዋለሁ፤ በኋላ ሳትነግሪኝ እንዳትል ብዬ ነው» አሉኝ። እርስዎም ልጅ ካለዎት በዚያች ደቂቃ በወላጅ ጭንቅላት ውስጥ ምን እንደሚመላለስ ያውቁታል፤ ጫት፣ ሲጋራ፣ ቁማር፣ የወደቀ ማትሪክ። በትምህርት ቤት ዙሪያ ያሉ ፑል ቤቶች ታሸጉ የሚል ዜና በሰማሁ ቁጥር «ደግ አደረጉ» ስል የኖርኩ ሰው ነኝ።

ሄድኩ። በሩ ላይ ቆሜ አየሁት። አሥረኛ ክፍል የደረሰው ልጄ ጎንበስ ብሎ ከጠረጴዛው ወዲያኛው ጫፍ የነበረችውን ኳስ ጥግ ላይ ያለው ጉድጓድ ውስጥ ከተታት። የቆሙት ሁሉ ጮኹ። አንዱ «ይሄ ልጅ እኮ ተፈጥሮው ነው!» አለ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ከሲጋራው ጭስ ይልቅ ያስደነገጠችኝ ይህች ቃል ናት።

ያደግኩት እዚሁ ዘነበወርቅ ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ከተሰየመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነው፤ ዛሬ አለርት የምንለው። ለሕክምና ከየክፍለ ሀገሩ መጥተው፣ ድነው፣ ጎጆ ቀልሰው እዚሁ የቀሩ ብዙ ናቸው። በ1980ዎቹ መጨረሻ የሰፈራችንን ፑል ቤት የሚጠብቁት ሰውዬም ከእነሱ አንዱ ነበሩ። ጋሼ ነበር የምንላቸው።

የግራ እጃቸው ጣቶች በበሽታው አጥረዋል። እኛ ጣታችንን ዘርግተን ዱላውን በመሀል እናሳልፋለን፤ እሳቸው ጡጫቸውን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡና ዱላውን በአንጓቸው ላይ ያንሸራትቱታል። የሚያሸንፋቸው አልነበረም። ጠዋት ቤቱ ለሰው ሳይከፈት አንዲት ኳስ እያስቀመጡ ብቻቸውን ሲመቱ በመስኮት አይቻለሁ። ያችኑ ኳስ፣ ወደዚያው ጉድጓድ። ሥራ ያጡ መስሎኝ ስቄ አልፌያለሁ።

ያኔ «ተፈጥሮው ነው» የሚባለው ልጅ እኔ ነበርኩ። በሁለት ወር ውስጥ እኩዮቼን ሁሉ አሸነፍኩ። ከእኔ ጋር የጀመረ አንድ ልጅ ነበር፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ስንስቅበት አብሮን ይስቃል። ጠረጴዛ እየጠረገ ጋሼ ዘንድ ያመሻል። ከዓመት በኋላ «በብር እንጫወት» አለኝ። ኪሴ ውስጥ እናቴ «ለእቁቡ ዳኛ አድርስልኝ» ብላ የሰጠችኝ 100 ብር ነበረ።

ቀሪውን ይገምቱታል። ግን እንዴት እንደተሸነፍኩ ልንገርዎት። እኔ ከባድ ከባዷን ኳስ አስገብቼ አስጨበጭባለሁ፤ ነጯ ኳስ ከዚያ በኋላ የት እንደምትቆም ግን አላውቅም። እሱ ማንም የማያጨበጭብላትን ቀላሏን ይመታል፤ ነጯም ለቀጣዩ ምት የሚመች ቦታ ላይ ትቆምለታለች። እናቴ እዳዋን ዳቦ ጋግራ እየሸጠች ከፈለች። አልመታችኝም። ለሦስት ሳምንት አላናገረችኝም እንጂ።

ጨዋታው እኮ ለስህተት ቦታ የለውም። ነጯን አንድ ዲግሪ ብቻ አዛንፈው ቢመቷት፣ አንድ ሜትር ተኩል ስትሄድ ካሰቡት ቦታ 2.6 ሳንቲ ሜትር ትርቃለች። የኳሷ ስፋት ራሱ 5.7 ሳንቲ ሜትር ነው። በግማሽ ኳስ ያህል ሳቱ ማለት ነው። ይህን የሚያስተካክል እጅ ይዞ የተወለደ ሰው አላየሁም። «አስማተኛው» የሚባለው ፊሊፒናዊ ኤፍረን ሬየስ እንኳ ያደገው ማኒላ በአጎቱ ፑል ቤት ነው፤ ቁመቱ አልደርስ ሲለው የለስላሳ ሳጥን ላይ ቆሞ ይመታ፣ ማታ ጠረጴዛው ላይ ይተኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

«በቃ ሁሉም ልምምድ ነው» የሚሉትን ግን አላምናቸውም። እ.ኤ.አ. በ1993 በበርሊን ቫዮሊን ተማሪዎች ላይ የተሠራ ታዋቂ ጥናት፣ ምርጦቹ እስከ 20 ዓመታቸው በአማካይ 10,000 ሰዓት ያህል እንደተለማመዱ ካሳየ ወዲህ ይህች ቁጥር እንደ ጸሎት ትደገማለች። በአርጀንቲና ቼዝ ተጫዋቾች ላይ የተደረገ ሌላ ጥናት ግን አንዱ ማስተር ለመሆን 3,000 ሰዓት ገደማ ሲበቃው ሌላው ከ23,000 በላይ እንደፈጀ አግኝቷል። ልዩነት አለ። ልጄም ዓይን አለው፤ አባቱ ስለሆንኩ አይደለም የምለው። እኔንም ያጠፋኝ ዓይን ማጣት አልነበረም። ቶሎ ስለቻልኩ፣ የቻልኩ መሰለኝ።

ወደ በሩ ልመለስ። ልጄ ሲያየኝ ፊቱ አመድ መሰለ። ልጎትተው ነበር የሄድኩት። ጠጋ ብዬ «ነጯ የት እንድትቆም አስበህ ነው የመታሃት?» አልኩት።

«እ?»

«ነጯ።»

መልስ አልነበረውም። እስከ ቤት ድረስ ዝም ተባብለን ሄድን፤ የእቁቡን ታሪክ የነገርኩት ማታ ነው።

አሁን እሑድ እሑድ ጠዋት፣ ገና ሰው ሳይገባ፣ ባለቤቱን አስፈቅደን አንድ ሰዓት እንጫወታለን። ብር የለም፣ ተመልካች የለም፣ አንድ ኳስ ብቻ። ባለቤቴ እስካሁን አልተዋጠላትም። «ከፑል ቤት አወጣዋለሁ ብለህ ሄደህ አብረኸው ገባህ» ትለኛለች፤ የምመልስላት አጥቻለሁ። ጎረቤቴም ሰላምታቸው ቀዝቅዟል።

ባለፈው እሑድ ከሃያ ምት አሥራ አራቱን ሳተ። ጠመኔውን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ወረወረና «አባ፣ እኔ እንጃ፣ ተሰጥኦ ያለኝ አይመስለኝም» አለኝ።

ኳሷን አንስቼ መልሼ ቦታዋ ላይ አስቀመጥኳት።