የሄርኩለስ ማማ፣ የሉፑስ ላብ

ዝነኛ ሰው ያልሠራውም ይቆጠርለታል። የእግር ኳስ ወዳጅ በዴፖርቲቮ በሚያውቃት የእስፔኗ ላ ኮሩኛ፣ አትላንቲክ ዳር፣ ለመርከቦች መብራት የሚያሳይ 55 ሜትር ግድም የሚረዝም ማማ አለ። ስሙ የሄርኩለስ ማማ ነው። አፈ ታሪኩ እንደሚለው ሄርኩለስ ጌርዮን ከተባለ ግዙፍ ጋር ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ተናንቆ ጣለው፤ ራሱን ቆርጦ ቀበረና በላዩ ማማውን አቆመ። የከተማዋ አርማ ላይም ከማማው ሥር የራስ ቅልና የተመሳቀለ አጥንት ተስሏል። ተሸናፊው እንኳ ቦታ አላጣም።

ለእኔ ነገሩ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ሦስት ሌሊት ሲታገል የከረመ ሰው እንቅልፍ እንጂ ድንጋይ መጥረብ አያምረውም።

ከማማው ሥር አንድ ዐለት ላይ የላቲን ጽሑፍ ተቀርጿል። ጋዩስ ሴቪዩስ ሉፑስ የተባለ፣ ዛሬ ፖርቱጋል ካለችው ኮይምብራ የመጣ አርክቴክት፣ ለጦርነት አምላኩ ለማርስ የተሳለውን ስለት ማስገባቱን ይናገራል። በቃ፤ «ማማውን የሠራሁት እኔ ነኝ» እንኳ አይልም። የታሪክ አጥኚዎች ግን አርክቴክት እዚህ ዐለት ላይ ሌላ ምን ሊሠራ ይመጣል ብለው ሥራውን ለእሱ ሰጥተውታል። ሮማውያን ማማውን ከገነቡት ወደ 1,900 ዓመት ሆኖታል።

የሮማ ዘመን ሲያልፍ ማማው ምሽግ ሆነ። ከውጭ እየዞረ የሚያወጣው መንገድ ድንጋዩ እየተነቀለ ለሌላ ግንባታ ዋለ። ከ1788 እስከ 1790 እ.ኤ.አ. የባሕር ኃይል መሐንዲሱ ኤውስታኪዮ ጃኒኒ አሮጌውን አካል በአዲስ ጥርብ ድንጋይ አለበሰው፤ መንገዱ ያልፍበት የነበረውንም መስመር በአራቱም ገጽ ላይ ሰያፍ አድርጎ አወጣው። ጎብኚ ጌጥ ነው ብሎ ፎቶ የሚያነሳው ያ መስመር የሉፑስ ሠራተኞች መወጣጫ ጠባሳ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበውም በሄርኩለስ ስም ነው። ሉፑስ ዳግመኛ ተረታ።

መብራቱ ዛሬም በየ20 ሴኮንዱ አራት ጊዜ ብልጭ ይላል። መብራት ግን ያሳያል እንጂ መሪ አይጨብጥም። በታኅሣሥ 1992 እ.ኤ.አ. ወደ 80,000 ቶን ድፍድፍ ነዳጅ የጫነችው ኤጂያን ሲ የተባለች መርከብ በማዕበል ውስጥ ወደብ ልትገባ ስትል እዚያው ማማው አጠገብ ዐለት ላይ ወጥታ ተቃጠለች። ያኔ የአፈ ታሪክ ጀግና የጠራ አልነበረም፤ ፍርድ ቤቱ ካፒቴኑንና የወደቡን ፓይለት በየስማቸው ጠርቶ ጥፋቱን አካፈላቸው። የሚወቀስ ሰው ሲፈለግ መዝገቡ ጥርት ያለ ነው፤ የሚመሰገን ሲፈለግ ነው ሄርኩለስ የሚመጣው።