ዜሮና አምስት

ሦስተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ግንቦት ነው። ያኔ በደቡብ ኦሞዋ ቀይ አፈር ከተማ ለመረጃ ሥራ የሚፈለገው ቁልፍ ችሎታ ጠንካራ እግር ነበር። እርሳስና መቅረጫ መንግሥት ይሰጣል፤ ከቀበሌው መጨረሻ ያለው ጎጆ ድረስ የሚያደርስ እግር ግን የራስህ ነው። ቆጣሪዎቹ በአብዛኛው መምህራን ነበርን።

ሥልጠናው ቅጹን መሙላት አስተማረን እንጂ ዕድሜ መጠየቅን አላስተማረንም። የአካባቢው የበና ሽማግሌ ቦርኮቶ በሚባለው በርጩማው ላይ ተቀምጦ የቡና ገለባ በቅል ይሰጥሃል፤ ስንት ዓመትህ ነው ስትለው ይስቅብሃል። ስለዚህ ዞር ብለህ ትገባለህ፦ ደርግ ሲመጣ ከብት ዘለህ ለወግ በቅተህ ነበር? በ77ቱ ድርቅ የበኩር ልጅህ ፍየል ለመጠበቅ ደርሶ ነበር? እንዲህ እያልክ ወደ እውነቱ ትጠጋለህ። የደከመው ደግሞ 40 ወይም 45 ብሎ ያልፋል። የአገሪቱን የዕድሜ ሰንጠረዥ የሚያይ ባለሙያ በዜሮና በአምስት የሚያበቁት ዕድሜዎች ከጎረቤቶቻቸው በላይ ተቆልለው ሲያገኛቸው የሚያነበው ያንን ድካም ጭምር ነው።

የሐሙስ ገበያውም ሌላ ትምህርት ቤት ነበር። ማሽላ በጣሳ ይሸጣል። የትኛው ጣሳ? ጢም ብሎ የተሞላ ነው ወይስ ልክ ልኩን? ኋላ በ2004 የተጀመረው የኢትዮጵያ ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ጥናት እንኳ ጣሳና ቁናን ወደ ኪሎ የሚመልስ ሰንጠረዥ ማዘጋጀት ግድ ሆኖበታል።

ዛሬ እግር አያስፈልግም። ጂንካ ከ2010 ወዲህ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ በሐምሌ 2016 የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ደግሞ የዳታ ሳይንስን መነሻ በየስልኩ አድርሷል። ተማሪዬ የነበረ ልጅ ኤክሴሉን፣ ኤስኪውኤሉን፣ ፓይተኑን ይዞ መጣና ያዘጋጀውን ካርታ በላፕቶፑ አሳየኝ። አልዋሽም፣ ቀናሁ። እኛ በካልኩሌተር ሳምንታት የምንፈጅበትን እሱ ቡናው ሳይቀዘቅዝ ይጨርሰዋል።

ካርታው ላይ ግን የክትባት ሽፋኑ ከመቶ በላይ የሆነ ወረዳ ነበር።

«ቲቸር፣ ኮዱን ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ ስህተት የለውም።»

ኮዱስ የለውም። ያካፈለበትን የሕፃናት ቁጥር ከየት እንዳመጣው ጠየቅሁት።

«ከሲስተሙ።»

ሲስተሙስ ከየት አመጣው? ሕገ መንግሥቱ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ ይላል። አራተኛው ቆጠራ ታብሌት ሁሉ ተገዝቶለት በ2011 ተራዘመ፤ እስካሁንም አልተካሄደም። የወረዳ ሕዝብ ትንበያ የሚነሣው አሁንም ከ1999ኙ ነው። እሱ ገና ልጅ ሳለ እኛ በእርሳስ በጻፍነው ቁጥር ላይ ያካፍላል ማለት ነው።

ሌላም ነበር። በልጁ ሰንጠረዥ የደቡብ ኦሞ ሕዝብ በአንድ ዓመት ልዩነት ክፉኛ ተመናምኗል። ወረርሽኝ አልገባም፤ በ2015 የደቡብ ክልል ሲፈርስ ጂንካ ከደቡብ ኦሞ የተለየው የአሪ ዞን ከተማ ሆነች እንጂ። የአሪ ሰው ከመንደሩ ሳይነቃነቅ ከሰንጠረዥ ወደ ሰንጠረዥ ተሻገረ። ይህን የሚነግር ፓይተን የለም፤ ሬዲዮ የሚሰማ ግን ያውቀዋል።

የሥራ ማስታወቂያዎችን አነባለሁ፤ ጡረታ ጊዜ ይሰጣል። ኤስኪውኤል፣ ፓወር ቢአይ፣ የሁለት ዓመት ልምድ ይላሉ። የበናን ቋንቋ የሚችል የሚል ግን አላየሁም፤ ስለ ጣሳም የጠየቀ የለም። ልጁ ብልህ ስለሆነ ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ ቅጾቹን እነማን እንደሞሏቸው ጠየቀኝ። ነገርኩት፦ አንዱ ጂንካ ባጃጅ ይነዳል፣ አንዱ ርዕሰ መምህር ሆኗል፣ አንዱ እኔ ነኝ። የሦስታችንም ስልክ ይሠራል። እስካሁን የደወለ ተንታኝ የለም።